ሸምሶ መጋዘን አጠገብ

«ፈቃዷንማ ሰጥታለች። በየቀኑ በገዛ እግሯ እየሄደች ከዚህ በላይ ምን ትበል?»

ይህን ያለው ሙንታሲር ነው፤ መርካቶ ካለው ሱቁ ሆኖ፣ በእናቱ ስልክ ድምፅ ማጉያ። እህቱ ፈቲሀ ጓሮ ቆማ የታጠበ ሻሽ ገመድ ላይ ታሰጣለች። የሳሎኑ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የተከፈተውም አጎቷን ሐጂ ሙሀመድአወልን ጥግ ላይ የተቀመጠው የበርበሬ ጆንያ እያስነጠሰ ስላስቸገራቸው ነው። ሐጂ ባያስነጥሱ ኖሮ ፈቲሀ የራሷን ኒካህ የምትሰማው ከታሰረ በኋላ ነበር።

«ትናንትም ዘጠኝ ሰዓት ሄዳ አስራ አንድ ሰዓት ነው የተመለሰችው» አለ ወንድሟ። «ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። ስልኩ ‹ሸምሶ መጋዘን አጠገብ› እያለ ነው የሚያሳየኝ። እኔ ከራሴ አላመጣሁትም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። «እኛ ለማስታረቅ ስንደክም ልጆቹ ለካ ራሳቸው ጨርሰውታል።»

እናቷ ዘይባ ሻይ ስትቀዳ የብርጭቆው ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ቀጠሮው ተያዘ፦ ዛሬ ከዙህር ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሸምሶ ቤት ይቀመጣሉ፤ አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ሙንታሲር ሐጂን ወኪል አድርጓል፤ ኒካሁ በመጪው ሳምንት እንደገና ይታሰራል። ፈቲሀን የሚጠይቃት ሰው አልተመደበም። ሥራ ተከፋፍለው ሲጨርሱ ያ ብቻ ተረሳ።

ሸምሶ የፈቲሀ የቀድሞ ባል ነው። ከተፋቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እንግዲህ ሙንታሲር አልዋሸም፤ ፈቲሀ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሸምሶ መጋዘን አጠገብ ነበረች። ከመጋዘኑ ግንብ ጀርባ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው ሜዳ አለ፤ እዚያ ባጃጅ መንዳት ትማራለች። ሜዳው ስም የለውም፣ ካርታ ላይም የለም። መጋዘኑን ግን ሸምሶ ራሱ «ሸምሶ በርበሬና ቅመማ ቅመም» ብሎ ከነስልክ ቁጥሩ ካርታው ላይ አስፍሮታል፤ በነፃ ነው ብለውት። ስለዚህ ስልኩ ለፈቲሀ ያገኘላት ቅርብ ስም የሸምሶ ሆነ። እሷ ከግንቡ ወዲህ ስትዞር፣ ካርታው ላይ ያለችው ነጥቧ ግን አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ ባሏ ጋ የገባች ሆና ትታየዋለች።

ዛሬ ደግሞ የተግባር ፈተናዋ ቀን ነው።

ባዶውን ባልዲ ይዛ ቆመች። ገብታ «ውሸት ነው» ማለት ትችል ነበር፤ ንዴቱ እግሯን ያዘው። ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች፣ ቢጠሯት ትሰማለች። እነሱ ግን እሷን ትተው ስልኩን ጠየቁ፤ ስልኩም «እሺ» አለላቸው። ደግሞስ ገብታ ብትነግራቸው? «ሴት ልጅ ባጃጅ?» ተብሎ ሌላ ሽምግልና ይጀመራል፤ ሻይ ይቀዳል፣ እሱ እስኪያልቅ የፈተናው ሰዓት ያልፋል። ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። የሚያሠለጥኗት ጋሽ ተካ ሁለተኛውን ባጃጃቸውን እንድትሠራበት የሚሰጧት ዛሬ ካለፈች ነው፤ ካላለፈች አገና ከተማ ያለ የእህታቸው ልጅ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። መጀመሪያ ልፈተን አለች በልቧ፤ ከዚያ ይምጡ።

ስልኩ የመጣው ለአረፋ ነው። ጉራጌ ለበዓል አገሩ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ ሙንታሲርም ለእናቱ ብርድ ልብስ፣ ለሐጂ ኮት፣ ለእህቱ ይህን ስልክ ይዞ መጣ። ከሰዓቱን ሙሉ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አፕ ሲጭንላት ዋለ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ አዛን የሚያሰማ፣ መብራት ሲጠፋ የሚያበራ ባትሪ፣ የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ፣ ቡታጅራ ዛሬ ይዘንባል እያለ በጠራራ ፀሐይ የሚያሾፍ የአየር ጠባይ። በመጨረሻ ደግሞ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ካርታ ላይ በነጥብ የሚያሳይ። እያንዳንዱን በጫነ ቁጥር «ይሄም ነፃ ነው» ይላል፤ ከኪሱ አውጥቶ የሰጣት ይመስል። «የመጨረሻው ምን ያደርግልኛል?» ስትለው «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚ እንድናውቅ ነው» አላት። ቡታጅራ ተወልዳ ቡታጅራ ያደገች የሃያ ሰባት ዓመት ሴት መንገድ ላይ ምን እንደምትሆን አላብራራም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት «የት ነው የምትሄጂው?» የሚል ጥያቄ ቀረ። መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ከፍቺው በኋላ ወደ እናቷ ቤት ስትመለስ በር ላይ ሳትጠየቅ የወጣችበት ቀን አልነበረማ። ቆይቶ ግን ሐጂ ሻይ ሊጠጡ ሲመጡ «ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ምን ልታደርጊ ሄድሽ?» ይሏት ጀመር። አክስቷ ከወልቂጤ ደውላ «ገበያ ቆየሽ አሉ» አለች። ማን እንዳለ ፈቲሀ አልጠየቀችም። ስልኩን ግን አልጣለችውም፤ ለምን ትጣለው? የራሷን አፕ ጫነችበት። የመንጃ ፈቃድ ጥያቄና መልስ፣ በአማርኛ፣ ከነምልክቶቹ፤ እሱም ነፃ። ጎመን እየከተፈች «ቅድሚያ የማን ነው?» ትባላለች፤ በሽንኩርት ጣቷ ትመልሳለች። የጽሑፍ ፈተናውን እንደዚያ ሆና አለፈችው፤ ነጥቧም ያን ሁሉ ጊዜ ኩሽና ነበረች።

ሐጂ ከወጡ በኋላ እናትና ልጅ ቁርስ ቀረቡ። ቆጮው በጎመንና በአይብ ነው፤ ዘይባ ለልጇ ጥሩ ጥሩውን እየገፋችላት እሷ ዳር ዳሩን ትቆርሳለች። ዘይባ ሐኪም ቤት ከተኛችበት ከዚያ ክረምት ወዲህ በመካከላቸው አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አለ። ያኔ ዘይባ አትተርፍም ተብሎ ዘመድ ተሰብስቦ ነበር፤ ከአገና ከጉንችሬ ሳይቀር የመጣ አለ። እዚሁ ከተማ ባሏ ቤት የነበረችው ፈቲሀ ግን በማግስቱ ነው የደረሰችው። ሸምሶ ደውሎ «አሟታል» ቢልም ስትመጣ ደኅና ነበረች፤ እናቷ ለምን እንደዘገየች አልጠየቀችም፣ ፈቲሀም አልነገረችም። አንዳንድ ነገር በጊዜው ካልተጠየቀ በኋላ መጠየቂያው ይጠፋል።

«ዛሬ ከቤት አትራቂ» አለች ዘይባ፣ ዓይኗ ሳህኑ ላይ።

«እንግዳ አለ?»

«ሐጂ ጉዳይ አላቸው።»

ፈቲሀ ጠበቀች። «ሸምሶን ትፈልጊዋለሽ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ። እናቴ ቢያንስ እሱን ትጠይቀኝ አለች በሆዷ፤ እናቷ አይብ ገፋችላት። ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ፤ የመድኃኒት ሰዓት ነው። ፈቲሀ ተነስታ ክኒኑንና ውሃውን አመጣች፤ ዘይባ ዋጠች፣ «ጀዛኪላህ» አለች። የዚያን ጠዋት ንግግራቸው ይኸው ነው።

ስትወጣ ስልኩን ትራስ ስር ከተተችው። ነጥቧ ቤት ትዋል፣ ሙንታሲርም እህቴ እንግዳ እየጠበቀች ነው ብሎ ደስ ይበለው። ደጅ ደርሳ ግን ቆመች። እልህ ያዛት። የሚደበቅ ያጠፋ ሰው ነው፤ እኔ ምን አጠፋሁ? ተመልሳ ስልኩን ከትራሱ ስር አወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።

እንዲያም ሆኖ በአስፋልቱ አልሄደችም። እንደ ሦስቱ ሳምንት ሁሉ በጓሮ መንገድ ነው የወጣችው፤ ድፍረት በአንድ ጊዜ አይሞላም። በጓሮ መንገድ በየደጁ ጆንያ ላይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ ሴቶች ተቀምጠው ዘንጉን ይቀነጥሳሉ፣ ጣታቸው ቀልቷል። «ኪሎው ስንት ገባ?» አለቻት አንዷ፤ እዚህ ሰፈር ሰላምታ ማለት ይኼ ነው። «ስድስት መቶ አሉ»፣ «ኧረ ከመስቃን የመጣው ከዚያም ወርዷል፣ ነጋዴው ነው የያዘው» ተባባሉ ሴቶቹ። ነጋዴው ሲባል ሁሉም ወደ ፈቲሀ አየት አደረጉና በርበሬያቸው ላይ አቀረቀሩ። ነጋዴው ሸምሶ ነው። ፈቲሀ «ይቅናችሁ» ብላ አለፈች። ከኋላዋ «መታረቋ ነው አሉ» የሚል ሹክሹክታ ደረሰባት። ወሬው ሙሽሪትን ቀድሞ ሰፈሩን አዳርሷል።

ሜዳው ላይ ተፈታኙ ሁሉ ተሰልፏል፤ አብዛኛው ፀጉሩን ያንጨፈረረ ጎረምሳ ነው። በኖራ የተሰመረ ስምንት ቁጥር አለ፣ ዙሪያውን ብርቱካናማ ኮን ተደርድሯል። ስምንቱን መዞር፣ ከዚያ ወደኋላ ነድቶ ጠባቡ ቦታ ማቆም፤ ይኼው ነው ፈተናው። አንድ ኮን የነካ ያልፋል፣ ሁለት የነካ ወደ ቤቱ። ጋሽ ተካ ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ባጃጃቸውን ለሴት እሰጣለሁ ሲሉ የሳቀባቸው ብዙ ነው። «ወንዶቹ አንዱን ጎማ ሰማይ ሰቅለው ነው የሚነዱልኝ» ይላሉ፤ «ይቺ ሦስቱንም መሬት ላይ ትተዋለች። እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?»

«ፊትሽ ልክ አይደለም» አሏት ዛሬ።

«ሊድሩኝ ነው፣ ጋሽ ተካ።»

«መቼ?»

«ከዙህር በኋላ።»

ጋሽ ተካ ሰዓታቸውን አዩ። «እንግዲያው እስከዚያ ተፈተኚ» አሉና ቦርሳዋንና ስልኳን ተቀበሏት።

ወረፋው ረዘመ። ፈቲሀ የቆመችው ከሸምሶ ግንብ ጥላ ስር ነው። ሸምሶ አይመታም፤ ይህን ከተማው በሙሉ ይመሰክርለታል። አይሳደብም፣ አይቅምም፣ ዘካውን ያወጣል። ጠዋት ሲወጣ ግን በሩን ከውጭ ይቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ይከታል። «ሌባ በዝቷል» ይላል። ስኳር ካለቀባት ስኳሩን ይዞ እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ ሰው ካማራት በመስኮት ብረት መካከል ታወራለች። ለፍቺው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ ይህን ስትናገር አንዱ ሳቁና «ታዲያ ቤቱን ከፍቶ ጥሎ ይሂድ?» አሏት። የፈቷት ምክንያቷን ተቀብለው ሳይሆን ስለሰለቻቸው ነው። ሰው ሲያፈቅር ይቆልፋል ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው፤ ምን ይደረጋል።

በግንቡ ወዲያ በኩል የሆነውን እናቷ ናት በኋላ የነገረቻት። ረፋዱ ላይ ሙንታሲር ስልኩን ከፍቶ ቢያይ ነጥቧ መጋዘኑ ጋ ሆና ተገኘች። «ቀድማችሁ ሄዳለች!» ብሎ ለሐጂ ደወለ። ሙሽሪት ከሽማግሌ ቀድማ ባል ቤት መግባቷ ነውር ነው፤ ሐጂ ሰላቱን ሳይጠብቁ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሰብስበው፣ ዘይባንም አስከትለው መጋዘኑ ደረሱ። ሸምሶ አዲስ ጃኬት ለብሶ፣ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስመጥቶ ይጠብቃል። ለካ እሱም ሙንታሲር ነግሮት ኖሯል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት ፂሙን እየተላጨ መጋዘኑ በር ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ልትገባ አፍራ ነው፣ ነገ ትገባለች እያለ። አሁን ሁሉም ተያዩ። ፈቲሀ የለችም። «አጠገባችሁ ናት እኮ!» ይላል ሙንታሲር ከዘይባ ስልክ ውስጥ፤ «ነጥቧ እዚያው ናት!» ሦስት ሽማግሌና አንድ አማች በበርበሬ ጆንያ መካከል እያስነጠሱ ፈለጓት። ከጆንያ ኋላ ያዩ ሁሉ ነበሩ። በመጨረሻ የሞተር ድምፅ ሰሙና የጀርባውን በር ከፈቱት።

ፈቲሀ ያን ጊዜ የስምንቱን የመጀመሪያ ዙር ጀምራለች። በሩ እየተንጓጓ ሲከፈት አየች፤ ሐጂን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሸምሶን፣ ከሁሉም ኋላ እናቷን።

«ፈቲሀ!» አሉ ሐጂ። «ውረጂ!»

መሪው ወደ ጎን ሸሸባት። የኋላ ጎማው አንዱን ኮን ነካው፣ ኮኑ ተንከባለለ። «አንድ» አለ ፈታኙ፣ ቀና ሳይል። ሁለተኛውን ብትነካ አለቀ።

«ውረጂ እኮ ነው የምልሽ» አሉ ሐጂ የኖራውን መስመር ረግጠው እየገቡ። ፈታኙ «አባት፣ ፈተና ላይ ናት፣ ከመስመሩ ይውጡ» ቢላቸው አልሰሙትም። «በሰው ፊት፣ የማን ልጅ እንደሆንሽ እየታወቀ፣ እዚህ ከጎረምሳ ጋር…»

ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ተቋረጠ። ከጋሽ ተካ እጅ አዛን ተነሳ። የፈቲሀ ስልክ ነው፤ ሙንታሲር የጫነው፣ ነፃው። የዙህር ሰዓት ደርሷል። ጋሽ ተካ እንዴት እንደሚያጠፉት አያውቁም፣ ቢያውቁም አያጠፉትም፤ ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደ ሞላ ብርጭቆ ወደፊት ይዘው ቆሙ። ሐጂ እጃቸውን አወረዱ። በአዛን ላይ አይወራም። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ፣ ሸምሶ ዝም አለ፣ ሰልፉ ላይ የነበሩት ጎረምሶች ሙዚቃቸውን ቀነሱ። ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ ሁሉም ፈቲሀን ያያሉ። ፈቲሀም በልቧ ለአዛኑ እየመለሰች ሁለተኛውን ዙር ዞረች፣ በወደቀው ኮን አጠገብ ቀስ ብላ አለፈች፣ ስምንቱን ዘጋች።

የስልኩ አዛን ሲያልቅ ሐጂ አፋቸውን ከፈቱ። የከተማው መስጊድ ደግሞ ከስልኩ ትንሽ ይዘገያል፤ እውነተኛው አዛን በማጉያው ሜዳው ላይ ወረደ። ሐጂ አፋቸውን መልሰው ዘጉ። ፈቲሀ ማርሹን ወደኋላ አስገባች፣ አንገቷን አዙራ አየች፣ ቀስ ብላ ወደ ጠባቡ ቦታ ገባች። ኮኖቹ ግራም ቀኝም ቆመው ቀሩ። ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ነቀለች። ላቧ ጀርባዋ ላይ ይወርዳል፤ እንዲህ ደስ ያላትን ቀን አታስታውስም።

«አንድ ነው የነካሽው» አለ ፈታኙ። «አልፈሻል። ቀጣይ!»

ወረደች። ሐጂ የረገጡትን የኖራ መስመር ለቀው ወጡ። መጀመሪያ የተናገረው ዘይባ እጅ ላይ ያለው ስልክ ነው። «አገኛችኋት?» አለ ሙንታሲር። ፈቲሀ ስልኩን ከእናቷ እጅ ወሰደች።

«አገኙኝ። ሙንታሲር፣ ካርታውን አጉላው። ሦስቱን ሳምንት የሄድኩበትን መስመር አንድ በአንድ እየው። ስምንት ቁጥር ነው። ባሏ ጋ የምትገባ ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስምንት እየሠራች አትዞርም።»

ሰልፉ ላይ አንዱ ሳቀ። ሙንታሲር ምናልባት ካርታውን እያጎላው ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቅከኝም? ስልኩን ስትጠይቀው እኔ አፍ ነበረኝ።»

«ፈቲሀ፣ ይሄ በቤት የሚወራ ነው» አሉ ሐጂ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ቤት ስታወሩት አልጠራችሁኝም፣ አጎቴ። ጠዋት ጓሮ ነበርኩ፣ እየሰማሁ። ፈቃድ የሰጠው ስልኩ ከሆነ ስልኩን ዳሩት። እኔ ሸምሶ ጋ አልመለስም።»

ሸምሶ ጃኬቱን አስተካከለ። ክፉ ሰው መባልን አይወድም። «እኔ ምን በደልኩ?» አለ ወደ ሽማግሌዎቹ። «ወላሂ አንድ ቀን እጄን አላነሳሁባትም። ትመስክር።»

«አላነሳህም» አለች ፈቲሀ። ፊቷን ከእሱ አዙራ ወደ እናቷ ተመለከተች። ይህን ለመናገር ያሰበችው እዚህ አልነበረም፤ ለመናገር ያሰበችበት ቦታ ግን የትም አልነበረም። «እማ፣ ሐኪም ቤት የገባሽ ቀን ጎረቤት መጥታ በመስኮት ነገረችኝ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። እስኪመሽ ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ማታ እሱ መጣ፣ ‹ነገ ትሄጃለሽ› አለኝ። ለእናንተ ደውሎ ‹አሟታል› አለ። አላመመኝም። ተቆልፎብኝ ነው።»

ዘይባ ሸምሶን አየችው። ሸምሶ የመጋዘኑን በር አየ። ሽማግሌዎቹ አንዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሌላው «ላ ሐውለ» አሉ፤ የሚሳቅበት ነገር ያገኘ የለም። ዘይባ ያን ቀን አልጋ ላይ ሆና በር በር እያየች ስንቴ «ልጄ መጣች?» እንዳለች የምታውቀው እሷ ናት። ከሁለት ዓመት በላይ በልቧ ይዛው የኖረችው ቅሬታ በተሳሳተ ሰው ላይ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ልጇን አልፋ ሄደች፣ ጋሽ ተካን «እንዴት ዋሉ» አለች፣ ከዚያ ልጇ የተፈተነችበትን የጋሽ ተካን ባጃጅ ብረት ይዛ ወጥታ ከኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሻሿን አስተካከለች።

«ዘይባ» አሉ ሐጂ፣ ደንግጠው። «ወዴት ነው?»

ስልኩ ከመጣ ወዲህ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው አንዲት ሴትን «ወዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ቤቴ» አለች ዘይባ። «ልጄ ታደርሰኛለች። እርስዎ ለስላሳውን ጠጥተው ይምጡ፣ ይሞቃል።»

ጋሽ ተካ ቦርሳውንና ስልኩን ለፈቲሀ መለሱላት። መንጃ ፈቃዱ እጇ እስኪገባ አሠልጣኝ አብሯት መቀመጥ አለበት፤ ከዘይባ ጎን ገብተው ተቀመጡ። ፈቲሀ የእናቷን ስልክ መለሰችላትና የራሷን ከፈተች። የቤተሰብ አፑ ላይ ነጥቧ አሁንም «ሸምሶ መጋዘን አጠገብ» ትላለች፤ ከሥሯ «ከቡድኑ ውጣ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጣቷ እላዩ ላይ ቆየ። አንድ ጊዜ ብትነካው አለቀ፤ ሙንታሲር ከዛሬ ጀምሮ የሚያየው ባዶ ካርታ ነው። ልትነካው ስትል እናቷ ከኋላ ትከሻዋን ያዘቻት።

«ሙንታሲር በዚህ እኔንም ያየኛል?»

«ከዚህ ስልክ ጋር ስለሆንሽ አዎ፣ ያይሻል።»

ዘይባ በጓሮ መንገድ ሦስት ሳምንት ተደብቃ የመጣች ልጅ እንዳለቻት ዛሬ ነው ያወቀችው።

«እንግዲያው አታጥፊው» አለች። «በአስፋልቱ ውሰጂኝ። መናኸሪያውን ዞረሽ፣ ገበያውን አልፈሽ፣ ሱቆቹ ፊት ለፊት። ቀስ ብለሽ ንጂ፣ በደንብ ይየን።»

ፈቲሀ ስልኩን ከፊቷ፣ መሪው አጠገብ አስቀመጠችው። ቁልፉን አዞረች፣ ሞተሩ ተነሳ። ከሜዳው ወጥታ ወደ ጓሮ መንገድ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ሳትዞር አለፈችና አስፋልቱ ላይ ወጣች።